ሦስተኛው ድስት

የጅግጅጋ ውሻ የሚበላው ከሁለት ማጀት ነው። አንደኛው ከደጋ የመጣ ሰው ማጀት ነው፤ ሽንኩርት የሚቁላላበት፣ በርበሬ የሚሰነፍጥበት። ሁለተኛው የሶማሌው ነው፤ ሩዝና ፓስታ፣ የፍየልና የግመል ሥጋ የሚበስልበት። በመጀመሪያው ቤት ውሻው ግቢ ውስጥ ያድራል፣ መቻል ወይም ቦቢ የሚል ስምም ይኖረዋል። በሁለተኛው ቤት ቦታው ከአጥር ውጭ ነው፤ ስሙም አብዛኛውን ጊዜ «ኤይ» ብቻ ነው። በሶማሊኛ «ውሻ» ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ መተዋወቅ አላስፈለገም። ሌሊት ጅብ በካራማራ በኩል ሲመጣ ግን ውሻው ለሁለቱም ቤት ይጮኻል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ያለው ተረት፣ ሁለት ቦታ የሚበላው የት ቆሞ እንደሚጮኽ አልተናገረም።

ከሁለቱም ማጀት ለውሻው የሚወጣው ትራፊ ነው። የውሻ ሆድ ሁሉን ይፈጫል የሚለው እምነት ደግሞ ትራፊውን ያለ ምርመራ ያሳልፈዋል። እምነቱ ግማሹ እውነት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ስታርችን የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን በተኩላ ውስጥ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ውስጥ ከ4 እስከ 30 እንደሚደርስ አሳይቷል። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ሲጀምር ከሰው እህል ጋርም ተስማምቷል ማለት ነው። ስለዚህ እንጀራ፣ የሶማሌው አንጄሮ፣ ሩዝ ወይም የማሽላ ገንፎ የበላ ውሻ ከባሕርዩ አልወጣም። በደንብ የበሰለ እህል ለውሻ ምግብ ነው። ያልበሰለው ግን አይደለም፤ ቡሆ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ሊጡን የዘረፈ ውሻ ሆዱ ውስጥ ሊጡ መኩፋቱን ይቀጥላል፣ የሚወጣው አልኮልም ያሰክረዋል። ይህ ለሚያየው የሚያስቅ፣ ለውሻው ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው የሚችል ስካር ነው።

ዋናው ችግር ያለው እንጀራው ላይ የፈሰሰው ወጥ ውስጥ ነው። የደጋ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ባለሙያ የምትባለውም ሽንኩርቱን እስኪጠፋ ድረስ የምታቁላላዋ ናት። የጠፋው ግን ከዓይን ብቻ ነው። በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በባሮ ሽንኩርት ውስጥ ያሉት የድኝ ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ማቁላላትም ሆነ አድርቆ መፍጨት አያከሽፋቸውም። ከውሻው ክብደት 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ከተበላ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ተራ የግቢ ውሻ ይህ 75 ግራም ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። ትንሽ ትንሽ በየቀኑ የሚበላውም ይጠራቀምበታል። ምልክቱ ወዲያው ስለማይመጣ ወጡን የሚጠረጥር የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ በር ሲንኳኳ ቀና ብሎ ማየትም ይሰለቸዋል፤ የሚጠረጠረው ግን መርዝ አበላ የተባለ ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ንጹሕ ነው፤ ወንጀሉ የተፈጸመው በእሑድ ዶሮ ወጥ ነው።

ንጥር ቅቤውም ከዚህ አይሻልም። በነጭ ሽንኩርትና በቅመም የተነጠረ ስለሆነ የሽንኩርቱን ጉዳት ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ላይ የስቡ ብዛት አለ። ስብ ያልለመደ ውሻ በበዓል ማግስት ብዙ ስብ ሲወርድበት ቆሽቱ ይቆጣል። ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ ይላል፤ የውሻው ግን እውነተኛ ማረር ነው፤ ያስመልሰዋል፣ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፣ አንዳንዴም አይድንም።

የሶማሌው ማጀት በርበሬ ባለማብዛቱ ለውሻ የተሻለ ይመስላል። ከፊሉ እውነት ነው። ሩዙ ከቅርንፉድ፣ ከከሙንና ከመሳሰለው ቅመም ጋር ይበስላል፣ ላዩ ላይ ዘቢብ ይነሰነሳል፣ ከጎኑም ሙዝ ይቀርባል። እንግዳ ሰው ግራ የሚጋባው በሙዙ ነው፤ ለውሻው ግን ሙዙ ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው ዘቢቡ ነው። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ለዚያውም መጠኑ አይገመትም፤ አንዱ ውሻ እፍኝ በልቶ ሲቦርቅ ሌላው በጥቂት ፍሬ ይወድቃል። ለፓስታ የሚሠራው ሱጎም ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሥጋ በትንንሹ ተከትፎ፣ ተጠብሶ፣ በቅቤ ተጠምቆ ለጉዞ ስንቅ የሚቀመጠው ኦድካዕ ለወራት የማይበላሽ ድንቅ ምግብ ነው፤ ውሻ ቢያገኘው ግን የሚጠብቀው ያው የቆሽት ነገር ነው። ሐልዋም እንዲሁ። ከምርቃና በኋላ የሚጣለው የጫት ገራባ ድርሻው የፍየል ነው፤ ውሻ ጫት ቢውጥ ልቡ ከመጠን በላይ ይመታል፣ እንቅልፍም ያጣል፤ ይህ ለዘበኛ ጥቅም አለው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፣ የእንስሳት ሐኪም ግን አይሆንም።

እንግዲህ ለውሻው ለብቻው መቀቀል የግድ ነው። በብዙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ሁለት ድስት አለ፤ የጾም ድስትና የፍስክ ድስት። የውሻው ሦስተኛ ነው። በጅግጅጋ ይህ ሦስተኛ ድስት በሃይማኖትም የተጠየቀ ነው። በከተማው በየገበያው የሚገኘው የግመል ሥጋ ነው፤ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ደግሞ የግመል ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ለውሻው ተገዝቶ የመጣውን ግመል የጾሙ ድስት ቀርቶ የፍስኩም አይቀበለውም። ሶማሌው በሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ ግን ተፈቅዷል፤ ውሻው ቦታው ይታወቅ፣ ዕቃውም ይለይ ነው ነገሩ። የእንስሳት ሐኪሙም ሽንኩርት የነካው ድስት አይቅረበው ይላል። ካህኑ፣ ሼኩና ሐኪሙ በሦስት የማይገናኙ ምክንያቶች አንድ ድስት ላይ ይገናኛሉ።

ድስት መግዛት ያልፈለገ ሰው የውሻውን ድርሻ ቀድሞ መቀነስ ይችላል። ይህ በሶማሌው ማጀት ይቀላል፤ ሥጋው ቀድሞ በውኃ ብቻ ሲቀቀል ጥቂት ቁራጭ ይወጣለታል። በደጋው ማጀት ግን ሽንኩርት ከሁሉ ቀድሞ ድስት ውስጥ ይገባል፤ ሥጋ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ውሻው ድርሻውን የሚያነሣበት ቀዳዳ የለም።

ወደ ድስቱ የሚገባው ሁሉ በአቅራቢያው ገበያ ይገኛል። የግመል ሥጋ ጮማው ጥቂት፣ ብረቱና ዚንኩ ብዙ በመሆኑ ለውሻ እጅግ ተስማሚ ነው። የስቡ ማከማቻ ሻኛው ነው፤ ሻኛ ለውሻ አይሰጥም፤ ደግነቱ የሶማሌ ሰው ሻኛ ለውሻ ሊሰጥ ቀርቶ ለእንግዳም የሚቆርሰው አስቦበት ነው። በበርበራ ወደብ ወርዶ በቶጎ ጫሌ በኩል የሚገባው ሩዝ አለ። የጅግጅጋ ሜዳ የሚያበቅለው ማሽላና በቆሎ አለ። ካሮትና ዱባ ተቀቅሎ ይጨመራል። እንቁላልም ይቀቀላል፤ ጥሬው ነጩ ክፍል በብዛት ሲሆን ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ያስራልና።

የመጠኑ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን፣ ያደገ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚጮኽ ውሻ በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ይህን ለመሙላት ጥሬው 350 ግራም የሚሆን ጮማ የሌለው ሥጋ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ደረቅ ሩዝ፣ እፍኝ ካሮት ወይም ዱባ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል፤ ለሁለት ተከፍሎ ጧትና ማታ ይሰጣል። ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለውጥ ያመጣል። በቢጫ ጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት ውሻ የግድ የሚፈልገው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ስብ በጣም ያንሰዋል፤ የሱፍ ዘይት ግን ይህም ቫይታሚን ኢም በብዛት አለው። ጸጉሩ የሞተ፣ ቆዳው የተቀረፈ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሳሙና ሳይሆን ይህን ማንኪያ ዘይት ነው። ልኩ ከሚዛን ይልቅ በእጅ ይታወቃል፤ ጎኑ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ ከተገኘ ነገር ግን ከሩቅ ካልተቆጠረ ልክ ነው። ከሩቅ የሚቆጠርበት ውሻ በከተማው ብዙ ነው፤ ተዳሶ የማይገኝበትም በየሆቴሉ ጓሮ አይጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ካልሲየም ነው። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፤ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል፣ ከፎስፈረሱ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያንሳል። ውሻ የሚፈልገው ግን ሁለቱ እንዲመጣጠኑ፣ ካልሲየሙም ትንሽ እንዲበልጥ ነው። ሲጎድል ሰውነቱ ከራሱ አጥንት ይበደራል። ሥጋ ብቻ እየበላ የሚያድግ ቡችላ፣ በከተማው ሁሉ የሚቀናበት የሥጋ ቤት ቡችላ፣ እግሩ ቆልመም ብሎ አጥንቱ በትንሽ ዝላይ ሲሰበር የሚታየው በዚህ ነው። አጥንት ቀቅሎ መረቁን ማጠጣት መፍትሔ ይመስላል፤ መረቁ ውስጥ የሚወጣው ካልሲየም ግን ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። የተቀቀለውን አጥንት ራሱን መስጠት ደግሞ የባሰ ነው፤ በተለይ የዶሮና የፍየል አጥንት ሲበስል እንደ መርፌ ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። መድኃኒቱ የሚጣለው የእንቁላል ቅርፊት ነው። ይታጠባል፣ ምጣድ ላይ ይደርቃል፣ ሙቀጫ ውስጥ እንደ ዱቄት ይደቆሳል። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያው 1 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ለዚያ ለ15 ኪሎው ውሻ የቀን ድርሻ ነው። ለቡናና ለበርበሬ እንኳ የማይበቃ ሙቀጫ ለውሻ መሥራቱ በቤቱ ውስጥ ጥቂት ንግግር ማስነሣቱ አይቀርም።

ጉበት በሳምንት 80 ግራም ያህል ይጨመራል፤ መዳብና ቫይታሚን ኤ ከእርሱ ይገኛል፣ ሲበዛ ግን ቫይታሚን ኤው ይመርዛል። በጅግጅጋ የመብዛቱ ስጋት ትንሽ ነው፤ ጉበት ከአንጄሮ ጋር የጧት ቁርስ ስለሆነ ከሰው አፍ ተርፎ ለውሻ አይደርስም። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የቆርቆሮ ሰርዲን፣ ዘይቱ ፈስሶ፣ ቫይታሚን ዲ ይሰጣል። አዮዲን ያለበት ጨው በሁለት ጣት ጫፍ ይበቃል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ምግቡ ሙሉ ነው ማለት አይቻልም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ከመጻሕፍትና ከሌላም ቦታ 200 የውሻ ምግብ አሠራሮችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ሁሉ የያዙት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ለወራት በዚህ ድስት ብቻ የሚያድር ውሻ የሚጎድለውን ቫይታሚንና ማዕድን የሚያውቅ ሐኪም ማየት አለበት። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ የአካባቢው ደንበኛ በዋናነት ግመል፣ በግና ፍየል ቢሆንም ውሻም ተራ አይነፈገውም።

የጾም ወራት የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በክርስቲያኑ ቤት የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ውሻ እንዲጾም የሚያዝ ቀኖና የለም፤ ቤቱ ሲጾም ግን እርሱም ይጾማል፣ ምሕረቱም ሽሮ ነው። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ ገብቷል፤ የማይታይ ሽንኩርት ያው ሽንኩርት ነው። በደጋ ከተሞች የሥጋ ቤቱ መዘጋት ሰበብ ይሆናል። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በአውበሬ ግን የሙስሊሙ ሥጋ ቤት በዐቢይ ጾም ክፍት ነውና ሰበቡ አይሠራም። የሚያስቸግረው በጾም ሥጋ ተሸክሞ በሰፈር ማለፍ ነው፤ «ለውሻዬ ነው» የሚለውን ጎረቤት ሁሉ አያምነውም። ረመዳንም አለ። ያን ጊዜ ቀኑ ሰላም ነው፤ ማታ ከአፍጥር በኋላ ሳምቡሳው፣ ሾርባውና ተምሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ተምር ፍሬው ወጥቶ አንድ ሁለት ቢበላ አይጎዳም፤ ሳምቡሳ ግን ሽንኩርት በዘይት የተጠቀለለበት ነው። በሁለት ሃይማኖት ሰፈር የሚኖር ውሻ ሁለቱን ጾም የሚጾም፣ ሁለቱንም ፍስክ የሚፈስክ ብቸኛው የከተማው ነዋሪ ነው።

ፍስኩ ከጾሙ የባሰ አደገኛ የሚሆንበት ምክንያት የሆድ ዕቃው ነው። በፋሲካም በአረፋም በየቤቱ ይታረዳል፤ ሳንባና የተበላሸ ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በበግ፣ በፍየልና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውኃ የቋጠረ፣ ነጣ ያለ እባጭ ይታያል። ይህ ኤኪኖኮከስ የተባለው የኮሶ ዘር ትል ማደሪያ ነው። ውሻው እባጩን ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው ብዙም አይሰማውም። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ በሣሩ ወደ ከብቱ፣ በሚደባብሰው ልጅ እጅ ወደ ሰው ይመለሳል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ እባጩ ዓመታት ወስዶ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ስለዚህ እባጭ ያለበት ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ እባጭ የማይታይበትም ቢሆን ሳይቀቀል አይሰጥም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ከውሻው ያስወግዳል፤ በሽታው ባለበት አካባቢ በየስድስት ሳምንቱ ይሰጣል። ለውሻ የሚወረወር ጥሬ ሳንባ ቸርነት ይመስላል፤ ተመልሶ የሚመጣው ግን ወደ ሰጪው ቤት ነው።

የሻገተ እህልም ከዚህ ጎራ ነው። በሐረርጌና በጅግጅጋ ሜዳ ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጣል፤ እርጥበት ካገኘው ዳርና ዳሩ ይሻግታል። የሻገተውን ሰው አይበላውም፣ ለውሻ ግን ገንፎ ይሆናል። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን ጉበት ይገድላል፤ መቀቀል አያጠፋውም። የሚሻለው መጣል ነው።

የበሰለውም ቢሆን ዕድሜው እንደ ቦታው ይለያያል። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የጧቱ ሩዝ ለማታ ሊደርስ ይችላል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ። ወደ ድሬዳዋ ቆላ ወርዶ በሽንሌ ወይም በኤረር ግን የቀትር ሩዝ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ በልኩ ማብሰል ብልህነት ነው። ወተቱስ? የግመል ወተት እንደ ላም ወተት ላክቶስ አለው፤ ያደገ ውሻ ብዙ ጊዜ ላክቶስ አይፈጭም፣ ተቅማጥ ይዞት ይሄዳል። የኮመጠጠው ይሻላል፤ ከላክቶሱ ከፊሉ በመፍላቱ አልቋልና።

ውኃ በቀን እስከ 1 ሊትር ይፈልጋል። በሐርቲ ሼክ አካባቢ የዝናብ ውኃ በርካ በተባለ ጉድጓድ ተጠራቅሞ፣ በቦቴም ተገዝቶ በሚኖርበት አገር 1 ሊትር ለውሻ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ይሁንና በሐዲስ የታወቀ ታሪክ አለ፤ በውኃ ጥም ምላሱን አውጥቶ አፈር የሚልስ ውሻ ያየ መንገደኛ ወደ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ አጠጣው፣ በዚህም ኃጢአቱ ተሰረየለት። የሶማሌ ሽማግሌ ውሻን ከቤቱ ቢያርቅም ውኃ የማይነፍገው በዚህ ነው።

ከትራፊ ወደ ሦስተኛው ድስት የሚደረገው ሽግግር በአንድ ቀን አይሆንም። አዲሱ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ በሰባት ቀን ቦታውን ይይዛል። ውሻው መጀመሪያ ላይ ሽንኩርት ስለማይሸተው ቅር ይለዋል፤ ዞር ብሎም ባለቤቱን ያያል፣ ይህ ነው እንዴ እንደማለት። ሦስት ቀን ቢጠበቅ ይበላል። ቡችላ በቀን ሦስት ጊዜ ወይም አራት ጊዜ ይበላል፤ የካልሲየሙን ልክ በግምት መስጠት ስለማይቻል የእርሱ ድስት ያለ ሐኪም አይጣድም። ያረገዘችና የምታጠባም እንዲሁ።

የቀረው ማጠብ ነው። ውሻው የሚበላበት ሳሕን ለብቻው ይቀመጣል፤ በሶማሌው ቤት አንዱ በአፈር ሆኖ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ በክርስቲያኑ ቤት ግመል የነካው ድስት ከሌላው ጋር ሳይገናኝ በጓሮ ይታጠባል። በሁለቱም ቤት የመጀመሪያውን እጥበት ውሻው ራሱ በምላሱ ይጨርሰዋል፤ ይህኛው ከሰባቱ አይቆጠርም።